ሕመም የማይሰማው እግር፦ ከስኳር ሕመም ጋር ተያይዞ የሚመጣ የእግር መቆረጥ እንዴት ይቀራል?

በየዓመቱ ኅዳር 5 ቀን የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ሲታሰብ በአደባባይ በአብዛኛው የሚነገረው ስለ ደም ስኳር ልኬት፣ ስለ አመጋገብና ስለ መድኃኒት አቅርቦት ነው። እነዚህ ጉዳዮች ትኩረት ሊሰጣቸው የተገባ ነው። ይሁን እንጂ አንድን ሠርቶ አዳሪ ከሥራ ገበታው፣ ከእርሻውና ከቤተሰብ ኃላፊነቱ በአንድ ጊዜ የሚያፈናቅለው ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ማንም ልብ በማይለው ቦታ፣ በውስጥ እግር ላይ ነው። ይህንኑ በመገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከበረው የዓለም የስኳር ሕመም ቀን እግርን ስለማስቀደምና መቆረጥን ስለመከላከል የሚያስተምር መሪ ቃል ነበረው። መልእክቱ ዛሬም አላረጀም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነጥብ ማስጨበጥ ነው። እግርን ማጣት የስኳር ሕመም የማይቀር መጨረሻ አይደለም። ከመጀመሪያው ጭረት አንሥቶ እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል ባለው መንገድ ላይ ጉዳቱን ማስቆም የሚቻልባቸው በርካታ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት አሉ። እነዚህ ቀናት በአብዛኛው የሚባክኑት መድኃኒት በመጥፋቱ ብቻ ሳይሆን እግሩን የተመለከተው ሰው ባለመኖሩ ነው።

የችግሩ ስፋት

በዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ዓመት የሆኑ 589 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከስኳር ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ይኸው ፌዴሬሽን ለእ.ኤ.አ. 2021 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ቁጥሩ 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነበረ ሲሆን፣ በአፍሪካ ቀጣና ሕመሙ ካለባቸው አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስላልተመረመሩ ሁኔታቸውን እንደማያውቁ አመልክቷል። ይህ ለእግር ጤና ከባድ ትርጉም አለው። የነርቭ ጉዳቱ ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ሲሠራ ቆይቶ፣ ሰውየው ስኳር እንዳለበት የሚሰማው እግሩ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ብሎት ወደ ሕክምና በሄደበት ቀን የሚሆንበት አጋጣሚ ብርቅ አይደለም።

በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከስኳር ሕመም ጋር ከሚኖሩ 100 ሰዎች ውስጥ ከ19 እስከ 34 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የእግር ቁስል ሊገጥማቸው ይችላል። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ስጋቱ አያበቃም፤ ከዳነላቸው ሰዎች መካከል ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት በአንድ ዓመት ውስጥ ዳግም ይቆስላሉ። ከቁርጭምጭሚት በላይ እግራቸው ከተቆረጠ የስኳር ሕሙማን መካከል ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት በ5 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕይወታቸው ማለፉን የሚገልጹ ጥናቶችም ጥቂት አይደሉም። ለዚህ ምክንያቱ ቀዶ ሕክምናው ብቻ አይደለም፤ እግርን ለዚህ ያደረሰው ጉዳት ልብንና ኩላሊትንም አብሮ የሚጎዳ መሆኑ ነው።

በእነዚህ አኃዞች መካከል ተስፋ የሚሰጥ አንድ እውነታ አለ። ከስኳር ሕመም ጋር ተያይዘው ከሚፈጸሙ የእግር መቆረጦች 85 በመቶ ያህሉ አስቀድሞ በቁስል የጀመሩ ናቸው። ቁስሉን ያስቀረ ወይም በጊዜ ያከመ ሰው መቆረጡን በአብዛኛው አስቀርቷል ማለት ነው።

ቁስሉ ለምን ሳይሰማ ይመጣል?

ሕመም ማንም የማይወደው ነገር ቢሆንም የሰውነት ዘብ ነው። ጠጠር ጫማ ውስጥ ሲገባ ቆመን የምናራግፈው፣ እሳት ሲያቃጥለን እግራችንን የምንሰበስበው ሕመሙ ስላስጠነቀቀን ነው። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር ግን ነርቮችን ይጎዳል። በቅድሚያ የሚጎዱትም ረጃጅሞቹ ነርቮች ስለሆኑ ምልክቱ የሚጀምረው ከእግር ጣቶች ነው። አንዳንዶች በተለይ በሌሊት የማቃጠል፣ የመርፌ ውጊያ የመሰለ ወይም የመደንዘዝ ስሜት ይሰማቸዋል። ሌሎች ደግሞ ምንም ሳይሰማቸው ስሜቱ ቀስ በቀስ ይጠፋል። የማቃጠል ስሜቱ የጠፋለት ሰው ተሻለኝ ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የጠፋው ሕመሙ ሳይሆን ነርቩ ራሱ ነው።

የነርቭ ጉዳት በዚህ አያበቃም። ላብ የሚያመነጩ ዕጢዎችን የሚያዝዙት ነርቮች ሲዳከሙ ቆዳው ይደርቃል፣ ተረከዝ ይነቃል፤ ንቃቃቱም ለጀርም በር ይከፍታል። የእግርን ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሱት ሲዳከሙ ደግሞ ጣቶች ይቆለመማሉ፤ የሰውነት ክብደት በጥቂት ቦታዎች ላይ ይከማችና ቆዳው ይጠነክራል። ከጠነከረው ቆዳ ሥር ቁስል ሊደበቅ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የደም ሥሮች መጥበብ ነው። የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮል መብዛትና ሲጋራ ማጨስ ወደ እግር የሚወርደውን ደም ያሳንሳሉ። ደም በበቂ ሁኔታ ያልደረሰው ቁስል አይድንም። ከዚህ ላይ ያልተቆጣጠሩት የደም ስኳር ሰውነት ጀርምን የመከላከል አቅሙን ስለሚቀንስ ትንሽ የመሰለች ቁስል ወደ ጅማትና ወደ አጥንት ልትዘልቅ ትችላለች። ነርቩ ስለማያስጠነቅቅ፣ ደሙ ስለማያክም፣ ጀርሙም ስለማይቆም ሦስቱ ተደምረው እግርን ለአደጋ ያጋልጣሉ።

ከአገራችን ልምድ የሚገኝ ትምህርት

ሕመም የማይሰማው እግር ለኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት እንግዳ አይደለም። የሥጋ ደዌም በተመሳሳይ ሁኔታ ነርቭን ጎድቶ ስሜት ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ለረጅም ዓመታት የሥጋ ደዌ ተጠቂዎችን ሲያክምና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን የቆየ ሲሆን፣ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን እግርን በየቀኑ መፈተሽን፣ ደረቅ ቆዳን ማለስለስን እና ለተጎዳ እግር ተስማሚ ጫማ መሥራትን የሕክምናው አካል አድርጎ ይዟል። በሌላ በኩል ያለ ጫማ በቀይ አፈር ላይ ከመሄድ ጋር የተያያዘውን የዝሆኔ በሽታ ለመከላከል በሚደረገው ጥረት እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ዋነኛ መሣሪያዎች ናቸው።

ከእነዚህ ልምዶች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ስሜት ያጣ እግርን የሚታደገው በቅድሚያ ውድ መሣሪያ ሳይሆን ልማድ ነው፤ የጠፋውን የሕመም ስሜት ተክቶ የሚሠራ ዓይንና እጅ ያስፈልጋል። ይህ ዕውቀት በአገር ውስጥ አለ። የሚቀረው ቁጥራቸው እየጨመረ ለሚገኘው የስኳር ሕሙማን በየጤና ጣቢያውና በየቤቱ ማድረስ ነው።

ክፍተቱ የት ላይ ነው?

በብዙ የክትትል ክፍሎች ያለውን የተለመደ አሠራር እንመልከት። ተገልጋዩ ክብደቱ ይለካል፣ የደም ግፊቱ ይታያል፣ የደም ስኳሩ ይመዘገባል፣ መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ ቀጣይ ቀጠሮ ይቆረጥለታል። በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ጫማው ከእግሩ ሳይወልቅ ሊወጣ ይችላል።

ለዚህ ምክንያቶች አሉ። በወረፋ የተጨናነቀ ባለሙያ ለአንድ ተገልጋይ ያለው ደቂቃ አጭር ነው። የእግርን ጤና ብቻ የሚከታተል ባለሙያ በአገራችን እምብዛም አይገኝም። በተገልጋዩም ዘንድ እግሩ አቧራ ስለለበሰ ወይም ካልሲው ስለተቀደደ በማፈር ጫማ ማውለቅን አለመፈለግ፣ ቁስል ይዞም እስኪብስ ድረስ በቤት ውስጥ መቆየት ይስተዋላል። ችግሩ የአንድ ወገን ጥፋት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ሁለቱም ወገኖች በጥቂት ደቂቃዎች ሊዘጉት የሚችሉት ክፍተት ነው።

የጎረቤት አፍሪካ ተሞክሮም ይህንኑ ያመለክታል። በታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ “ደረጃ በደረጃ” በሚል ስያሜ የተጀመረው መርሐ ግብር አዲስ ሙያ እስኪፈጠር አልጠበቀም። ከየጤና ተቋማቱ አንድ ሐኪምና አንድ ነርስ ጥንድ ሆነው እግርን መመርመርና ቁስልን በጊዜ ማከም እንዲሠለጥኑ፣ ወደ ተቋማቸው ሲመለሱም ሌሎችን እንዲያሠለጥኑ አደረገ። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛምቷል። ባለው የሰው ኃይል መጀመር እንደሚቻል ያሳየ በመሆኑ ለእኛም አግባብነት አለው።

ከጤና ተቋም ምን አገልግሎት መጠየቅ ይገባል?

ማንኛውም ከስኳር ሕመም ጋር የሚኖር ሰው፣ ምንም ዓይነት የእግር ችግር ባይኖርበትም፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የተሟላ የእግር ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። ምርመራው ውስብስብ አይደለም። ባለሙያው የእግሩን ቆዳ፣ የጣቶችን መካከልና የእግሩን ቅርጽ ይመለከታል፤ በእግር ጀርባና በቁርጭምጭሚት አጠገብ ያለውን የደም ሥር ምት በጣቱ ይዳስሳል፤ 10 ግራም ያህል ጫና በሚያሳርፍ ቀጭን የናይለን ክር የውስጥ እግርን እየነካ ስሜት መኖሩን ያረጋግጣል።

ክሩ ባይኖርም ስሜትን መፈተሽ ይቻላል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው የሁለቱም እግሮቹ አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿ ጣት ጫፎች በየተራ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ በቀስታ ይነካሉ፤ መጫንም ሆነ መደጋገም አያስፈልግም። ከስድስቱ ንክኪዎች ሁለቱንና ከዚያ በላይ ካልተሰማው የመከላከያ ስሜቱ ቀንሷል ተብሎ ይገመታልና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ይህን ፍተሻ የቤተሰብ አባልም በቤት ውስጥ ሊያደርገው ይችላል፤ የባለሙያን ምርመራ ግን አይተካም።

በዓለም አቀፍ መመሪያዎች መሠረት የክትትሉ ድግግሞሽ እንደ ስጋቱ መጠን ይለያያል። ስሜቱም የደም ዝውውሩም ደህና ለሆነ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል። ስሜቱ የቀነሰ ወይም የደም ዝውውሩ የተዳከመ ሰው በየ6 እስከ 12 ወሩ፣ ሁለቱ ችግሮች ከተደራረቡ ወይም ከአንዱ ጋር የእግር ቅርጽ መለወጥ ካለ በየ3 እስከ 6 ወሩ መታየት አለበት። ስሜቱ ወይም የደም ዝውውሩ ቀንሶ፣ ከዚህ በፊት ቁስል የነበረበት፣ ጣቱ ወይም እግሩ የተቆረጠበት ወይም ኩላሊቱ ሥራ ያቆመበት ሰው ደግሞ በየ1 እስከ 3 ወሩ መመርመር ይገባዋል። ስለዚህ ተገልጋዮች “የእግሬ ስጋት የትኛው ደረጃ ላይ ነው? ቀጣዩ የእግር ምርመራዬ መቼ ነው?” ብለው የመጠየቅና መልሱን በክትትል ካርዳቸው ላይ የማስመዝገብ ልምድ ሊያዳብሩ ይገባል።

በገጠር የሚኖሩ ወገኖች በቅድሚያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን በማማከር ወደ ጤና ጣቢያ ሊላኩ ይችላሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት አገልግሎቱን ሲሹ የአባልነት መታወቂያቸውን በወቅቱ ማሳደስና ከጤና ጣቢያ የሚጀምረውን የሪፈራል ቅደም ተከተል መጠበቅ እንዳለባቸው ሊያስታውሱ ይገባል። የታደሰ መታወቂያ ኖሮ በጊዜ መታከም፣ ገንዘብ እስኪገኝ በሚል ምክንያት የሚባክኑትን ቀናት ያተርፋል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

በየቀኑ፣ በተለይም ማታ ከመኝታ በፊት፣ እግርን በብርሃን መመልከት የጥንቃቄው ሁሉ መሠረት ነው። ጀርባው፣ ውስጡ፣ ተረከዙና የጣቶቹ መካከል ይታያሉ። ጎንበስ ማለት የሚቸገር ሰው መስታወት መሬት ላይ አስቀምጦ ውስጥ እግሩን ማየት ይችላል። የስኳር ሕመም ዓይንንም ስለሚጎዳ፣ በደንብ የማያይ ሰው ይህን ኃላፊነት ለልጁ፣ ለትዳር ጓደኛው ወይም ለሚረዳው ሰው መስጠት አለበት።

እግር በየቀኑ ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። የውኃው ሙቀት የሚፈተሸው በክርን ወይም በሌላ ሰው እጅ እንጂ በእግር አይደለም። ድካም ለማውጣት እግርን በሞቀ ውኃና በጨው መዘፍዘፍ የተለመደ ቢሆንም ለስኳር ሕሙማን አይመከርም፤ ቆዳውን ያደርቃል፣ ሙቀቱም ሳይሰማ ሊያቃጥል ይችላል። በብርድ ወራት እግርን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማሞቅ፣ በጋለ ውኃ የተሞላ ላስቲክ ወይም ጠርሙስ እግር ሥር አድርጎ መተኛትም ለተመሳሳይ አደጋ ይዳርጋል። ብርድ የሚሰማው ሰው ወፍራም ካልሲ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ከታጠቡ በኋላ በተለይ የጣቶችን መካከል በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል። ለጸሎት በቀን ብዙ ጊዜ ውዱእ የሚያደርጉ ወገኖች ይህን ልብ ሊሉ ይገባል። የደረቀ ቆዳን በቫዝሊን ማለስለስ ይጠቅማል፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባም። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ጥጋጥጉን መቆፈር አያስፈልግም። የጠነከረ ቆዳን በምላጭ መፋቅ ወይም በገበያ በሚሸጥ ኬሚካል ማንሣት አደገኛ ስለሆነ ለጤና ባለሙያ ይተዋል።

በቤትም ሆነ በደጅ በባዶ እግር መሄድ መቅረት አለበት። ጫማ ከመግዛት በፊት እግር አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ መለካት፣ የጫማው የውስጥ ርዝመት ከእግሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር እንዲበልጥ፣ ስፋቱም ጣቶችን እንዳያጨናንቅ ማረጋገጥ ይገባል። ውድ ጫማ መሆን አይጠበቅበትም። ሰልባጅ ጫማ የሚገዙ ሰዎች ግን የቀድሞው ባለቤት እግር ቅርጽ በሶሉ ላይ ታትሞ እንደሚቀር ሊያውቁ ይገባል፤ ከመግዛታቸው በፊት ውስጡን በእጃቸው ይዳስሱ። ጠንካራ የፕላስቲክ ጫማ ያለ ካልሲ ሲደረግ ቆዳን ይልጣል፤ ስስ ሸበጥም ከእሾህና ከሚስማር አያድንም። ማንኛውም ጫማ ከመደረጉ በፊት ተገልብጦ መራገፍና ውስጡ በእጅ መዳሰስ አለበት።

ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጫማ አውልቆ መግባት የእምነት ሥርዓት ነውና መከበሩ እንደተጠበቀ፣ ስሜት የቀነሰበት ሰው በሚፈቀድበት ቦታ ሁሉ ንጹሕ ወፍራም ካልሲ ቢያደርግ፣ በፀሐይ የጋለ ድንጋይን ቢያስወግድና ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩን ቢፈትሽ ጉዳትን መቀነስ ይችላል። በዚህ ረገድ የሃይማኖት አባቶች ምክርና ማስተዋል ከባለሙያ ትምህርት የማይተናነስ ፋይዳ አለው።

ቀጠሮ የማይጠበቅላቸው ምልክቶች

ከዚህ በታች ከተጠቀሱት አንዱ ከታየ፣ ሕመም ኖረም አልኖረም፣ በዚያው ዕለት ወይም ቢበዛ በማግሥቱ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

• ማንኛውም የተከፈተ ቁስል፣ ውኃ የቋጠረ እብጠት ወይም ፈሳሽ፤
• መቅላት፣ መሞቅ፣ ማበጥ ወይም መጥፎ ሽታ፤
• የጣት ወይም የእግር ቆዳ መጥቆር ወይም መወየብ፣ የእግር መቀዝቀዝ፤
• ያለ ቁስል ድንገት ያበጠና ከሌላው ይልቅ የሚሞቅ እግር፤
• ከእግር ቁስል ጋር ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ከወትሮው የላቀ የደም ስኳር።

አራተኛው ምልክት በቀላሉ ይታለፋል። ቁስል ስለሌለው ወለምታ ይመስላል፤ ነገር ግን ስሜት ባጣ እግር ውስጥ አጥንቶች እየተሰበሩ ሊሆን ይችላል፤ ተራምደውበት ከቀጠሉ የእግሩ ቅርጽ ለዘለቄታው ይበላሻል።

እስከ ጤና ተቋም ድረስ ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና በተቻለ መጠን በዚያ እግር አለመርገጥ ያስፈልጋል። የቡና ዱቄት፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር መነስነስ ቁስሉን ከመበከሉም በላይ ባለሙያው የጉዳቱን ጥልቀት እንዳያይ ያደርገዋል። ጸበልም ሆነ ሌላ መንፈሳዊ አገልግሎት የሚከታተሉ ሰዎች ሕክምናውን ሳያቋርጡ ጎን ለጎን ሊያስኬዱት ይችላሉ።

ኃላፊነቱ የሁሉም ነው

ጥንቃቄውን በሙሉ በሕሙማን ትከሻ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። በየማለዳው በባዶ እግሩ ማሳ የሚወርድ አርሶ አደር ወይም ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ነጋዴ በምክር ብቻ አይጠበቁም። ጫማን ለቤተሰብ ቅንጦት ሳይሆን እንደ መድኃኒት የሚቆጥር ቤት፣ ሠራተኛው ለክትትል ሲሄድ ፈቃድ የሚሰጥ አሠሪ፣ የተገልጋዩን እግር ሳያይ ቀጠሮ የማይሰጥ ባለሙያ፣ ለዚህም ጊዜና ሥልጠና የሚያመቻች ተቋም በአንድነት ያስፈልጋሉ።

ይሁንና ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል፣ ገንዘብም የማይጠይቅ እርምጃ አለ። በሚቀጥለው የክትትል ቀጠሮዎ ስምዎ ተጠርቶ ወደ ምርመራ ክፍል ሲገቡ፣ ባለሙያው እስኪጠይቅዎ ሳይጠብቁ ጫማዎንና ካልሲዎን ያውልቁ። አቧራው አያሳፍርዎ። “እግሬንም ይመልከቱልኝ” ማለት ውለታ መጠየቅ ሳይሆን የክትትልዎ አካል የሆነውን አገልግሎት መጠየቅ ነው።